በቅሎዋ ላይ የተቀመጠው ማነው?

«ሰዎቹን ይተዋቸው፣ እማማ። እነሱ ምንም አይደሉም። ተራራው ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ እንዲታወቅ፣ ለመጠን ያህል ነው የተሣሉት» አለኝ።

ነገሩ የሆነው ቡሬ ነው፤ ከአዲሶቹ ሆቴሎች ባንዱ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ። የዘመድ ልጅ ቀለበት አስሮ ልመርቅ ሄጄ፣ ድግሱ አልቆ፣ መናኸሪያ የሚያደርሰኝን ባጃጅ ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለኝ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም። ሆቴሉን ያስጌጠው እሱ ነው አሉኝ፤ ሥዕል የተማረ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ታላቅ የሚያከብር ልጅ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል ላይ ዓይኔን ተክዬ ቢያየኝ ጊዜ ደስ ብሎት ሊያስረዳኝ ተነሣ። የፈረንጅ ሥዕል ነው፣ ባሮክ በሚባለው ዘመን የተሣለ ነው፣ ብርሃኑን ይዩት፣ ደመናውን ይዩት አለ። እኔ ደግሞ ብርሃኑን ትቼ ከታች መንገዱ ላይ ያሉትን ሦስት ሰዎች ማን እንደሆኑ ጠየቅሁት። ያኔ ነው «ምንም አይደሉም» ያለኝ። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ ሆቴል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴትዮ፣ «ምንም አይደሉም ትላለህ? ቀርበህ አይተሃቸዋል?» ብዬ ጮኽሁበት። አስተናጋጇ ትሪ ይዛ ቀጥ አለች።

ልጁ ምን ያውቃል። እኔ ያንን ሥዕል አውቀዋለሁ። በግራ በኩል ዋርካ የሚያክል ዛፍ አለ፤ ከሥሩ መንገድ ይጀምርና እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ሰማያዊ ተራራ፣ ከተራራው በላይ የወርቅ ውኃ የተነከረ የሚመስል ደመና። መንገዱ ላይ በቅሎ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ከጎኑ አንድ እግረኛ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ነገር የተሸከመ ሌላ እግረኛ። ሦስቱም ተደምረው የአውራ ጣቴን ጥፍር አያክሉም። ይኸው ሥዕል ፍኖተ ሰላም፣ በሻይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ስንት ክረምትና በጋ ተሰቅሎ ኖሯል፤ የሆቴሉን ሥዕል ሲሶ እንኳ የማያህል፣ ቀለሙ የወየበ ወረቀት። እነዚያ ሦስት ሰዎች ያመጡብንን መዘዝ ለዚያ ልጅ ከየት ጀምሬ እነግረዋለሁ?

ሻይ ቤቴ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበረች። ሻይ በዐሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በዐሥር። ስኳር ከኅብረት ሱቅ በወረፋ ነበርና አንዳንድ ሳምንት ሻዩን በከረሜላ ነበር የምንጠጣው፤ ደንበኛው ከረሜላውን በጉንጩ ይዞ ሻዩን ፉት ይላል፣ ሳይሟሟ የተረፈውን ለልጁ ይዞ የሚሄድም አይታጣም ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ወንዱ ቴትሮን ሸሚዝና ካኪ ሱሪ፣ ገበሬው ቁምጣና ኮንጎ ጫማ፣ እኛ ሴቶች በጉርድ ላይ ሹራብ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ ዘፈኑን ያንባርቃል፤ እኔ ደግሞ ከባንኮኒው ሥር በያዝኳት ቴፕ የማሲንቆ ትዝታ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። ከደምበጫና ከጅጋ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ አውቶቡሱ ፉርሽ ሲሆንበት እኔ ቤት ነው የሚውለው። ጠረኑ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ላምባ፣ እርጥብ ጋቢ፣ የተጠበሰ ሊጥ።

ሥዕሉን የሰጠኝ መምህር አለባቸው ነው። ከወሎ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲጋራውን ደጅ ወጥቶ የሚያጨስ። ቀድሞ ከእሱ ጋር ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው ወረቀት ነው። የእሱ ኪራይ ቤት ጣራው ስላፈሰሰ «እንዳይበላሽብኝ እዚህ ይሁን» ብሎ በሚስማር መታልኝ። መታና እንደ ክፍል ያስተምረን ጀመር። ሠዓሊው ሰዎቹን ያሳነሰው የተፈጥሮን ታላቅነት ለማሳየት ነው፤ ስለዚህ ዓይናችሁን መጀመሪያ ወደ ብርሃኑ አድርጉ አለ። እሺ ያለው ሰው የለም። የኛ ሰው ምን ብርሃን ያያል? ብርሃን በየቀኑ ያያል፤ ተራራም ሞልቶታል። የኛ አገር ሰው ማዶ ለማዶ ተቀምጦ፣ በወዲያኛው ተረተር የሚሄደውን በአረማመዱ «እገሌ ነው፣ ለቅሶ ነው የሚሄደው» ብሎ ሲለይ የኖረ ነው። መንገድ ላይ ሰው እያየ፣ ከየት ተነሣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ምን ደረሰበት ሳይል አያድርም። እናም መምህሩ ስለ ብርሃን ሲያወራ፣ ሻይ ቤቱ በሙሉ አፉን በመዳፉ ይዞ ሦስቱን ሰዎች ያይ ነበር።

ክርክሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እኔ በቅሎዋ ላይ ያለችው ሙሽራ ናት አልኩ። አያ ቢሻው ሳቀብኝ። አያ ቢሻው በቅሎ ነጋዴ ነው፤ ከቡሬ ገበያ እየገዛ ደምበጫ የሚሸጥ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ነገር የሚያውቅ ሰው።

«እታለም፣ ሙሽራ ብትሆንማ ሚዜው ከኋላዋ ተፈናጥጦ ደግፎ ይይዛት ነበር እኮ» አለኝ። «ይኸን ጎኗ የሚሄደውን እይው። እጁን ዘርግቶ ኮርቻው ላይ ጥሏል። የጌታ አሽከር ከፊትና ከኋላ ይሮጣል እንጂ እንዲህ ጎን ለጎን ተለጥፎ አይሄድም። ይኸ ደጋፊ ነው። ተቀማጩ ታማሚ ነው፤ እንዳይወድቅ ነው የያዘው። ኋላ ያለው ስንቅና ምኝታ ተሸክሟል። ጠበል እየወሰዱት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ስም ወጣለት፤ «የታማሚው ሥዕል» ተባለ። የሚገርማችሁ፣ ከጅጋ የመጣች አንዲት ባልቴት ቀና ብላ አይታ፣ «እግዜር ይማርህ የኔ ልጅ» ብላው ነው ሻይዋን የጠጣችው። መምህር አለባቸው እስኪያነባ ሳቀ፤ ግን ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ሰው ሰውን በሚፈራበት ጊዜ፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ለማያውቀው ታማሚ ሲጨነቅ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ወሬው የቀበሌያችን ካድሬ ጆሮ ደረሰ። የዚያን ሰው ስም አልጠራም፤ ልጆቹ ዛሬ በሰላም የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ የእሱ ዕዳ የእነሱ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ከአብዮት ጥበቃው ጋር መጣና በሬ ላይ ቆመ። ካኪው በካውያ ተተኩሶ እንደ ቢላ ይቆርጣል። አልገባም፤ ከደፉ ላይ እንደቆመ አገጩን ወደ ግድግዳው አነሣ።

«ይኸ ነው የምትሟገቱበት? በቅሎ ላይ የተንፈላሰሰ ባላባት፣ ሥሩ የሚሮጡ ሁለት ጭሰኞች። ይኸን ለማወቅ ስብሰባ ያስፈልጋል?»

«ጓድ፣ ቀረብ ብለው ቢያዩት እኮ…» አለ አያ ቢሻው፣ ብድግ ብሎ።

«ባላባትን ለማወቅ መቅረብ አያስፈልግም። ከሩቅ ነው የሚታወቀው።»

መምህር አለባቸው አንገቱን ደፋ፤ አልፈርድበትም፣ በዚያን ጊዜ አንገት የሚበቅለው ለመደፋት ነበር። ጥበቃው በማግስቱ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት የማኅተም ቀለም በጥጥ ነክሮ መጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ በቅሎዋ ላይ ያለውን ሰው ደፈጠጠው። ሐምራዊ ጭጋግ ሆነ። እግረኞቹ ቀሩ፤ አንዱ እጁን ወደ ጭጋግ ዘርግቶ፣ ሌላው ጭጋግ ተከትሎ ይሄዳል። ይኸ ነው እንግዲህ ሥዕል መተርጎም! ባላባቱን አጥፍተው ጭሰኞቹን መንገድ ላይ ተዋቸው። የካድሬውስ አያት ጭቃ ሹም አልነበሩም? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ እሱም የሰው ዘር ሲቆጥር የራሱን ይዘል ነበር።

ቢቆም እዚያ ላይ ይቆም ነበር። ወረቀት ነው፣ ቀለም ነው ብለን እንረሳው ነበር። ግን ሰው ሥዕል ባየበት ዓይን ነው ሰውንም የሚያየው።

እናኑ ታናሼ ናት። ላህ ከሚባለው ወንዝ ማዶ ገጠር ተድራ፣ ባሏ ፈንቴ ይባላል፤ ምድር የማይረግጥ የሚመስል ዝምተኛ ገበሬ። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጡ ጠናባት፤ ሌሊቱን ሁሉ አምጣ፣ የመንደሩ አዋላጅ «ከኔ አቅም በላይ ነው፣ ጤና ጣቢያ አድርሷት» አለች። ቃሬዛ ቢያስቡም ወንዱ ሁሉ ለመንግሥት በዓል ሰልፍ ተጠርቶ ከተማ ነበር። አያ ቢሻው ግን ለገበያ ያሰናዳትን ቀይ በቅሎ እዚያው መንደር አሳድሮ ነበርና አበደራቸው፤ ኮርቻዋ በቀይ ግምጃ ያጌጠ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል። እናኑን በነጭ ጋቢ ጠቅልለው አስቀመጧት። ፈንቴ ጎን ለጎን ሆኖ በአንድ እጁ ወገቧን ይዟል። አማቷ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታት ጃንጥላ ዘርግተው ከኋላ። ወንዙን ተሻገሩና ወደ ከተማ መግቢያው ኬላ ቀረቡ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከፍ ያለ በረንዳ ነበረው፤ ከዚያ ሲያዩ ከላህ የሚመጣው መንገድ ቁልቁል ወለል ብሎ ይታያል። ካድሬው ከክፍለ ሀገር የሚመጡ እንግዶች ሊቀበል እዚያ ቆሟል። ምን አየ? ያጌጠች በቅሎ፣ ነጭ የለበሰ ተቀማጭ፣ ጃንጥላ፣ ሁለት እግረኛ። «ጃንጥላ አስይዞ በበዓላችን ቀን የሚገባ ባላባት! ኬላው ላይ አቁሙት፣ ሰልፉ ሲያልቅ እናነጋግረዋለን» ብሎ አዘዘ። ጥበቃው ገመዱን ወጠረ።

የነገረኝ አያ ቢሻው ነው፤ ከኋላቸው ሲመጣ ኬላው ላይ ቆመው አይቷቸው እየሮጠ መጣ። ሻይ ምድጃው ላይ ጥጄ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላደርግ ወጣሁ። ስደርስ እናኑ በቅሎዋ ላይ ጎብጣለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ፈንቴ በአንድ እጁ እሷን ደግፎ ሌላ እጁን ለጥበቃው ዘርግቶ ይለምናል፤ «ወንድሜ፣ ስለ ወላዲቷ፣ ሴት ናት፣ ምጥ ላይ ናት» ይላል። ጥበቃው ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ግን ገመዱን አልለቀቀም። «እኔ አይቻለሁ እታለም። እሳቸው ካልፈቀዱ ይገድሉኛል» አለኝ።

ወደ በረንዳው ሮጥሁ። ከታች ሆኜ ጮኽሁ።

«ጓድ! እህቴ ናት! ባላባት አይደለችም፣ የድኻ ልጅ ናት፣ ምጥ ይዟታል! ወርደው ይዩልኝ!»

ቁልቁል አየኝ። ተቆጥቶ እንኳ አልነበረም፤ ሥራ ያስፈታሁት ያህል ነበር።

«ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ» አለኝ።

ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ! ይኸን ቃል ይዤ ነው ያረጀሁት። ስንት ጊዜ እንጀራ እየቆረስኩ፣ ስንት ጊዜ ቅዳሴ ቆሜ ሳለ ትዝ ብሎኛል። ደረጃዋ ይኸችው ናት፤ ወርዶ መንገዱን ቢሻገር ያገኛት ነበር። ሰልፉ አለፈ፣ መፈክሩ አለፈ፣ ንግግሩ አለፈ፣ የእንግዶቹ ላንድሮቨር አቧራውን አልብሶን አለፈ። ገመዱ ሲወርድ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጤና ጣቢያ አስገባናት፤ እናኑን አተረፏት። ልጁን አላተረፉትም። ወንድ ነበር። ድሬሰሩ እጁን እየታጠበ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ «ጠዋት ብትደርሱ ኖሮ» አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይኸ ነው፤ ባላባት በሌለበት ባላባት ሲያስሱ የወንድሜን ያህል የምወደውን የፈንቴን ልጅ ቀበርነው። ከዚያ በኋላ እናኑ አልወለደችም።

እስክትጠና ከሻይ ቤቱ ጓዳ አስተኛኋት። ደንበኛ እያየው ስለሚሸማቀቅ ሥዕሉንም ወደ ጓዳ አዛውሬው ነበርና ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሆነ። ላነሣው ስል «ተይው» አለችኝ። ጭጋጉን ስታይ ትውል ነበር። አያ ቢሻው ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ወደ ሥዕሉ እያመለከተ፣ «ታማሚ ነበር፤ እኔ በቅሎ አላውቅም? ታማሚ ነበር» ይላል፣ እንደ መሐላ። እኔም ተቀበልሁት። ሥዕሉ በኋላ ምስጥ በላው፤ መንግሥቱም ሄደ፣ አያ ቢሻውም ሞተ፣ መምህሩም ወደ አገሩ ተዛወረ። እኔ ግን በየለቅሶው፣ በየማኅበሩ፣ «በቅሎዋ ላይ የነበረው ባላባት አልነበረም፣ ታማሚ ነበር» እያልሁ ኖርሁ። ያን ካረጋገጥሁ ካድሬውን የረታሁት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ቡሬ፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ ልጁ ላይ ከጮኽሁ በኋላ መነጽሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ና፣ አብረን እንይ» አልሁት። የሆቴሉ ሥዕል ትልቅ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም የደፋበት የለም። ወንበር አቀረበልኝ፤ እላዩ ቆሜ ሥዕሉ አፍንጫዬን እስኪነካ ተጠጋሁ።

በቅሎም አይደለችም። ፈረስ ነው! አያ ቢሻው አፈር ይቅለለውና፣ ያ ሁሉ የበቅሎ ዕውቀት። ላዩ ላይ ያለው ሙሽራም አይደለም፣ ታማሚም አይደለም። የደለበ፣ ደልቀቅ ያለ ጌታ ነው፤ ባርኔጣው ላይ ላባ፣ ወገቡ ላይ ሰይፍ። ጎኑ ያለው ደጋፊ አልነበረም። እጁ ኮርቻውን አይነካም፤ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ዘርግቷል። ይለምናል። ጌታው ወደሱ ዘወር እንኳ አላለም።

«ለማኝ ነው» አለ ልጁ ከጎኔ ሆኖ፣ በለሆሳስ። «ይኸን ሥዕል ስሰቅል አላየሁትም ነበር። እማማ፣ ለካ የራሳቸው ታሪክ አላቸው።»

ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ግን የእሱን ይቅርታ የምሰማበት ልብ አልነበረኝም። ከፍኖተ ሰላም ኬላ እስከዚያ ወንበር ድረስ የተሸከምሁት ነገር ከእጄ ተነጥቆ ሄዷል። ካድሬው ትክክል ነበር። ከበር ላይ ቆሞ፣ ሳይቀርብ፣ አገጩን አንሥቶ የተናገረው ያ ጉረኛ ትክክል ነበር! ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንኩሳ ከተማን ሳልፍ አላየሁትም፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም። እንደዚያ ቀን ተናድጄ ነበር፤ ግን በማን እንደምናደድ ጠፋብኝ።

እናኑ ዛሬ ከኔ ጋር ናት። ፈንቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት አሮጊቶች ባንድ ቤት ነን። ስገባ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ፊቴን አይታ፣ «ደጋሾቹ አስቀየሙሽ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈረሱን፣ ላባውን፣ ሰይፉን፣ የተዘረጋውን መዳፍ።

«ጌታ ነው፣ እናኑ። ያ ሰውዬ ትክክል ነበር። ይኸን ሁሉ ዘመን ስንከራከር ጌታ ኖሯል።»

እናኑ ጎመኑን መቀንጠስ አላቆመችም። አልሰማችኝም ብዬ ልደግም ስል ቀና አለች።

«ጌታስ ቢሆን?» አለችኝ። «ጌታ አይታመምም? የጌታ ሚስት አታምጥም? እኔ የባላባት ልጅ ብሆን ኖሮ ልጄ መሞት ነበረበት?»

ለዚያ ሰው ከበረንዳው ሥር ሆኜ «ባላባት አይደለችም» ብዬ ነበር የጮኽሁት። ፈንቴም፣ አያ ቢሻውም፣ ሁላችን ያንኑ ነበር ስንምል የኖርነው። እናኑ የጎመኑን እንጨት ለዶሮዎቹ ወረወረችና ወደ ቤት ገባች።